በቅርቡ የወጡ የጃዝ አልበሞች፦ ሐዋሳ ሆነን የትኞቹን እንስማ?

ታቦር ግርጌ (ክሩን የከፈተ) — ቅዳሜ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ጃዝ በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ 1960ዎቹ ላይ ይቆማል። ያንን ዘመን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በሕይወት ያለ ሙዚቀኛ ዛሬ የሠራውን ዛሬ ካልሰማንለት፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ አገር ያለ ሰው አቧራውን አራግፎ ሲያወጣው ብቻ ነው የምናጨበጭበው። በጋሽ ኃይሉ መርጊያ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠሩት ካሴት በዓለም ዙሪያ ጆሮ ያገኘው በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ነው። በመካከሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዘው ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው ፈገግ ይላል፤ እኔን ግን ያናድደኛል።

ስለዚህ ባለፉት ሁለት ዓመታት ገደማ ከወጡት ውስጥ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድትሰሟቸው የምፈልጋቸውን ላንሣ።

ከሁሉም በፊት «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ»። መስከረም 2018 ነው የወጣው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ሰማንያውን ተሻግረው የራሳቸውን የቀድሞ ድርሰቶች፣ «የከርሞ ሰው»ን፣ «ነጻነት»ን እና ሌሎችንም፣ እንደ አዲስ አቀናብረው ለንደንና አዲስ አበባ ቀርጸዋቸዋል። «የሚታወቁ ዜማዎች ናቸው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። አዲሱ ነገር መሣሪያዎቹ ላይ ነው። ድሮ ቅኝቱ የእኛ ሆኖ የሚጫወቱት በአብዛኛው ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ኦርጋንና ቪብራፎን ነበሩ። አሁን ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮውና በገናው ራሳቸው ገብተው ከነሐሱ ጎን ተቀምጠዋል። በተለይ በገናና ቪብራፎን በአንድ አልበም ሲገናኙ ልብ በሉ። የቪብራፎን የብረት ዘንጎች ሲመቱ፣ ከሥራቸው ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል። በገና ደግሞ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል በሚገባው እንዝራ አማካይነት ይነዝራል። አንዱ ከብረት፣ ሌላው ከበግ አንጀት የሚወጣ ሁለት ዓይነት ንዝረት ነው። ጋሽ ሙላቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲፈልጉት የነበረው ድምፅ እዚህ አጠገብ ያለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የካማሲ ዋሽንግተን «ፊርለስ ሙቭመንት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። የሎስ አንጀለሱ ሳክስፎን ተጫዋች አልበሙን የሚከፍተው «ልሳኑ» በተባለ ሥራ ሲሆን መግቢያው በግእዝ የሚቀርብ ጸሎት ነው። በሰንበት ማለዳ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የምንሰማው ቋንቋ፣ በአሜሪካ ጃዝ አልበም መግቢያ ላይ! ጸሎቱን ሙሉው ባንድ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አልበም ረጅም ነው፤ አንዳንዱም ሥራ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ይሁን እንጂ «አሻ ዘ ፈርስት» የተባለውን አትዝለሉት፤ የዜማው መነሻ ትንሿ ልጁ ፒያኖ ላይ ያገኘቻት ሐረግ ናት።

የአሜሪካው ሳክስፎን ተጫዋች ቻርልስ ሎይድም አለ። «ዘ ስካይ ዊል ስቲል ቢ ዜር ቱሞሮው» የተባለው አልበሙ የወጣው 86ኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ስለሆነ በጩኸት መካከል አትክፈቱት።

እናንተስ ምን ሰማችሁ?

---

የድሮ ካሴት — ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡40

ልጄ፣ ጽሑፍህን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የከርሞ ሰውን በወጣትነቴ የሰማሁ ሰው ነኝ። ያኔ ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፣ በጥቂት ማይክሮፎን፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይቀረጽ ነበር። ትራምፔቱ ከማይክሮፎኑ ትንሽ ከራቀ ራቀ ነው፤ የሚታረም ነገር የለም። ያ ጥድፊያና ያ ድፍረት ናቸው ሙዚቃውን ያቆሙት። የዛሬው ቀረጻ እያንዳንዱን መሣሪያ አጥቦ፣ አጥርቶና ለይቶ ያስቀምጣል። ይጠራል፤ ግን ሙቀቱ ይሄዳል። ደራሲው ራሱ ቢሆንም እንኳ የራሱን ሥራ ደግሞ ሲሠራው ያን ቀን መልሶ አያመጣውም።

አዲስ አልበም ካላችሁ የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። «ፎርስስ ኦፍ ኔቸር» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው። የተቀረጸው ግን በ1966 ኒው ዮርክ በሚገኝ ስላግስ በሚባል ክበብ ውስጥ ነው። ማኮይ ታይነር ፒያኖ፣ ጆ ሄንደርሰን ሳክስፎን፣ ሄንሪ ግራይምስ ባስ፣ ጃክ ዲጆኔት ድራም። የቀረጻው ቴፕ ዲጆኔት ዘንድ ተቀምጦ ኖሮ ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ወጣ። ታይነር በግራ እጁ የሚያወርደውን ስሙና የዛሬዎቹን ንገሩኝ።

---

ታቦር ግርጌ — ቅዳሜ፣ ምሽት 4፡05

ጋሼ፣ ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። «ፎርስስ ኦፍ ኔቸር»ን ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ታይነር ግራ እጅ የተናገሩት እውነት ነው። ይሁንና እኔ የምለውንም ያጠናክርልኛል፤ ያን ምሽት ክበቡ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች በጊዜው ሰምተውታል፣ የቀረው ዓለም ግን ማኮይ ታይነርም ጆ ሄንደርሰንም ካለፉ በኋላ ነው የደረሰው።

«ደግሞ ሲሠሩት አይመለስም» ስላሉት ደግሞ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ላስታውስዎ። ሽለላን በሳክስፎን ይዘው የተነሡ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የፓንክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን ሠሩ። የድሮ ዜማዎቻቸውን ነው ደግመው የተጫወቱት። ጊታሮቹ ከኋላቸው እየጮኹ እሳቸው ሲፎክሩ መስማት ከቀድሞው የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም በቀድሞው ቀረጻ ያልነበረ ቁጣ አለው። ያን ቀን መመለስ ሳይሆን ሌላ ቀን መፍጠር ነው።

---

ሐዋሳ ባስ — እሑድ፣ ጠዋት 4፡20

በዚህች ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ባስ ጊታር ተጫውቼ የምተዳደር ሰው ነኝና እንደ ሠራተኛ ልናገር። ለእኔ የዚህ ዓመት ትልቅ ትምህርት የሆነኝ «ቴንሽን» ነው፤ ጋሽ ሙላቱ ሁድና ኦርኬስትራ ከሚባለው የቴል አቪቭ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት። ጋሼ የድሮ ካሴት፣ ስለ ሙቀት ካሰቡ ይህንን ይሞክሩት። ነሐሶቹ ወፍራም ናቸው፤ ባሱ አይቸኩልም።

ለጀማሪ ባስ ተጫዋች የምመክረው ነገር አለ። የኢትዮ ጃዝን ምት ብዙዎች በአራት ሊቆጥሩት ሲሞክሩ ይበላሽባቸዋል። ችክችካው በስድስት ነው የሚቆጠር፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ሁለት ጊዜ። ባሱ ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ሲይዝ ከበሮው ሦስቱን ያንከባልላቸዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። ይህን በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ ስሙ፤ አንዴ ከገባችሁ አይወጣም። በተረፈ ባሱ ማድረግ ያለበት በቅኝቱ ድምፆች ውስጥ መቆየት ነው። አንቺሆዬ እየተጫወተ ከአምስቱ ድምፅ የወጣ ባስ ወዲያውኑ ያስታውቃል።

የምጫወትበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ተመሳሳይ ዘፈኖችን ነው የሚጠይቀን። አንድ ምሽት ባቲን ያለ ዘፋኝ ዘርግተን ስንጫወት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አስቆመን። እንግዶቹ ግን መብላታቸውን አቁመው ያዳምጡን ነበር፤ አይቻቸዋለሁ።

---

ሰማያዊ ጀልባ — እሑድ፣ ጠዋት 5፡00

እኔ ከሴቶቹ አንዷን ልጨምር። ኑብያ ጋርሲያ፣ የለንደን ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች፤ አልበሙ «ኦዲሲ»፣ እ.ኤ.አ. 2024። የቫዮሊኖቹንና የቼሎዎቹን ክፍል ራሷ ነው የጻፈችው፤ የተጫወተው ቺኔኬ የተባለው ኦርኬስትራ ነው። በጃዝ አልበም ላይ ቫዮሊን ብዙ ጊዜ እንደ መጋረጃ ከጀርባ ይንጠለጠላል። እዚህ ግን ሳክስፎኗን ይሞግታታል።

የለንደኑን ባንድ ኤዝራ ኮሌክቲቭንም አትርሱ። የብሪታንያውን የመርኩሪ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ተሸላሚዎች ነበሩ። «ዳንስ፣ ኖ ዋንስ ዋቺንግ» የተባለው ተከታይ አልበማቸው ቤት ውስጥ እየሠሩ ለመስማት ይመቻል።

---

የጊዶሌ ሰው — እሑድ፣ ከሰዓት 8፡30

ሐዋሳ ከመጣሁ ቆይቻለሁ፤ ትውልዴ ግን ጊዶሌ ነው፣ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ። ስለ ጋሽ ሙላቱ ይህን ያህል ስታወሩ ደቡብ አለመነሣቱ ቅር አሰኝቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ «ጋሞ» የሚባል ሥራ አለ፤ «አሶሳ ደራሼ» የሚባልም አለ። እሳቸው በየመድረኩና በየቃለ መጠይቁ ደጋግመው የሚያነሡት ነገር ነው፤ በጃዝ ውስጥ ዲሚኒሽድ የሚባለውን ቅኝት፣ ሙሉና ግማሽ እርምጃ እየተፈራረቀ የሚሄደውን፣ እነ ቻርሊ ፓርከር (የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች) እና እነ ደቡሲ (የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲ) ከመጠቀማቸው በፊት የእኛ የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ይጫወቱት እንደነበር ይናገራሉ።

ፊላ የሚባለውን ይህን የቀርከሃ ጨዋታ ያላያችሁ እንድታውቁት ልንገራችሁ። ብዙ ወንዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚይዛት ቀርከሃ አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ብቻ አላት። ብቻውን ዜማ መጫወት የሚችል የለም። አንዱ «ኡ» ሲል ሌላው ባዶውን ይሞላል፣ ሦስተኛው ከሁለቱ መካከል ይገባል፤ ይህ ሁሉ እየተራመዱ፣ እየዞሩ፣ እግራቸው መሬቱን እየመታ ነው። ዜማው የማንም አይደለም፤ በመካከላቸው ባለው አየር ላይ ነው የሚፈጠረው። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ኋላ እየሄድኩ የእሱን ቀርከሃ ብቻ ለይቼ ለመስማት እሞክር ነበር። ለይቼ ስይዘው ዜማው ይጠፋኛል፣ ዜማውን ስይዝ እሱ ይጠፋኛል።

ለንደን ያለ ሰው በጃዝ ሙዚቀኛ አማካይነት ይህን ሲያውቀው፣ ሐዋሳ ያለ ወጣት ስሙን እንኳ ሰምቶ አለማወቁ ያሳዝነኛል። ታቦር ግርጌ «ዛሬ የሚሠራውን ዛሬ ስሙ» ያልከው ልክ ነው። ፊላም ዛሬ እየተጫወተ ነው።

---

ዋሽንት ተማሪ — እሑድ፣ ምሽት 1፡10

የጊዶሌው ወንድማችን፣ ይህን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የእኔ አልበም ስለ ትንፋሽ ነው። ሻባካ ሃቺንግስ ከዚህ ቀደም ከጋሽ ሙላቱ ጋር የተጫወተ የለንደን ሳክስፎን ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ሳክስፎኑን አስቀመጠና ወደ ዋሽንቶች ዞረ፤ ሻኩሃቺ የሚባለውን የጃፓን ቀርከሃ ጨምሮ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ «ፐርሲቭ ኢትስ ቢዩቲ፣ አክኖውሌጅ ኢትስ ግሬስ» ወጣ። በዓለም መድረክ በሳክስፎኑ ስሙ ገንኖ ሳለ የሚታወቅበትን መሣሪያ ትቶ እንደ ተማሪ መጀመር ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ አስቡት።

አልበሙ ዝግ ያለ ነው። በገናዎች አሉበት፣ የአውሮፓው ዓይነት፤ ፒያኖና ድምፅም አለ። እኔ የምሰማው ግን ዜማው ከመውጣቱ በፊት ያለውን አየር ነው። የሻኩሃቺም ሆነ የእኛ ዋሽንት አፍ ላይ መያዣ የለውም፤ ከንፈርህ ነው ትንፋሹን በጠርዙ ላይ የሚሰነጥቀው። በአንድ ፀጉር ያህል ከተዛነፍህ ድምፁ ይጠፋና ነፋስ ብቻ ይቀራል። የእኔ መምህር ያንን ነፋስ እንዳጠፋ ነው የሚያስተምረኝ። ሻባካ ግን ትቶታል፤ ሆን ብሎ ነው። ነፋሱ ከዜማው ይቀድማል፣ ከዜማውም በኋላ ይቆያል። ከሰማሁት ወዲህ ልምምዴ ተለውጧል።

---

ወለተ ሐዋሳ — እሑድ፣ ምሽት 2፡00

ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሚያነሣ ሰው ስጠብቅ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ በኋላ «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም በ2024 ወጥቶላቸዋል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው፤ እዚህ ግን ይዘምራሉ። በደርግ ዘመን በቤታቸው በካሴት ራሳቸው የቀረጹት ነው። ድምፃቸው ትንሽና ቀጥ ያለ ነው፤ ለሰው አይዘምሩም፣ ብቻቸውን ናቸው። ፒያኖው ዜማውን አጅቦ ሳይሆን አብሮ እየተናገረ ይሄዳል።

---

የድሮ ካሴት — እሑድ፣ ምሽት 2፡25

እማሆይን የማከብር ሰው ነኝ፤ ግን ጃዝ አይደለም። ይህ ክር ስለ ጃዝ ነው።

---

ወለተ ሐዋሳ — እሑድ፣ ምሽት 2፡40

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት በመደብር መደርደሪያ ላይ ጃዝ ተብሎ ላይቀመጥ ይችላል። ነገር ግን በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የምዕራቡን ፒያኖ ይዞ መቆም፣ ምቱን እንደ ልብ ማዘግየትና ማፋጠን፣ አንድን ሐረግ በየጊዜው በሌላ መልክ ማምጣት፣ ይህን ሁሉ የጃዝ ሰው ከእሳቸው ሊማር ይችላል። ኢትዮ ጃዝን የሚወድ ጆሮ እሳቸውን ሲሰማ እንግድነት አይሰማውም። ይስሟቸውና እንደገና እንነጋገራለን።

---

አዲስ ጆሮ — ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ሰላም ወንድሞቼና እህቶቼ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጃዝ ጀማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከዚህ ሁሉ በየቱ ልጀምር? ሁለተኛ፣ የኢንተርኔት ጥቅሌ ትንሽ ነው፤ ረጃጅም አልበሞችን እንዴት ልስማ? ፍቅር ሐይቅ ዳር ሞክሬ ነበር፤ በየካፌው ያለው ድምፅ ማጉያ ግን ምንም አያሰማም።

---

ታቦር ግርጌ — ሰኞ፣ ምሽት 1፡30

እንኳን ደህና መጣህ። በ«ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ጀምር፤ ቅኝቱን ጆሮህ ከልጅነትህ ያውቀዋልና ትኩረትህ ሁሉ መሣሪያዎቹ ላይ ይሆናል። ቀጥሎ ሻባካን ስማ። ካማሲን ለሦስተኛ አቆየው፤ ርዝመቱ ጀማሪን ያደክማል፤ የግእዙን መግቢያ ግን ዛሬውኑ መስማት ትችላለህ። ከዚያ በኋላ የደቡብ አፍሪካው ፒያኒስት ንዱዱዞ ማካቲኒ አለልህ። «ኡኖምኩቡልዋኔ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2024 በብሉ ኖት አሳታሚ በኩል ነው ያወጣው፤ በሦስት ክፍል የተቀናበረ፣ በፒያኖ፣ በባስና በድራም። የአገሩን የመንፈስ ሥርዓት ሳያሳንስ ወደ ጃዝ እንዴት እንዳመጣው ለእኛ ብዙ ይነግረናል።

ስለ ጥቅሉ፦ ቪዲዮ አትክፈት። በመካከለኛ ጥራት፣ በ128 ኪሎቢት፣ አንድ ሰዓት ሙዚቃ ወደ 58 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ቪዲዮው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላብሃል። በሌሊት ጥቅል አውርደህ ቀን በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ዋናው ነገር አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ መስማት ነው። ሙዚቀኛው የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ብዙ አስቦበታል፤ ቆራርጠህ ከሰማኸው ያ ድካሙ ይቀርብሃል።

---

የድሮ ካሴት — ሰኞ፣ ምሽት 3፡00

«ቴንሽን»ን ሰማሁ። ነሐሶቹ ልክ ናቸው፤ ሐዋሳ ባስ፣ እውነት ተናግረሃል። ባሱ በትዕግሥት ሲጠብቅ ሰውየው ቪብራፎኑን በጥቂት ምት ብቻ ይነካዋል፤ የሚተወው ከሚመታው ይበልጣል። ይህን ወጣት ሆነው አያውቁበትም ነበር። ስለ ቀረጻው ጥራት ያልኩትን ግን አልለውጥም።

---

ሐዋሳ ባስ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

የጊዶሌ ሰው፣ የጻፍከው ሌሊቱን አላስተኛኝም። ደህና መቅረጫና ሁለት ማይክሮፎን አለኝ። ሽማግሌዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ መጥቼ ፊላን መቅረጽ እፈልጋለሁ፤ ለመሸጥ አይደለም፤ መጀመሪያ ቅጂው ለእነሱ ይሰጣል። ምን መዘጋጀት እንዳለብኝ ንገረኝ።

---

የጊዶሌ ሰው — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ወንድሜ፣ ተባረክ። በመጀመሪያ ከአጎቴ ጋር እነጋገራለሁ፤ እሱ ለሽማግሌዎቹ ያቀርበዋል። ያለ እነሱ ፈቃድ መሣሪያህን እንዳታወጣ። ቀረጻው በአዳራሽ ሳይሆን በሜዳ ነው የሚሆነው፤ የእግሩ ድምፅ ከሙዚቃው አንዱ ስለሆነ እንዳታጠፋው። ማይክሮፎንህንም ወደ አንድ ሰው አታስጠጋ፤ ከተጠጋህ የአንዱ ቀርከሃ ይጎላና ዜማው ይፈርሳል። ከክቡ መካከል ከፍ አድርገህ ብታቆመው ይሻላል። ነፋስ መከላከያም ያዝ፤ ተራራ ላይ ነን። ዋሽንት ተማሪም መምጣት ከፈለገ ይምጣ። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከሥራ የምትላቀቁበትን ቀን ጻፉልኝ።